ቅርንጫፉ ሲወርድ

ሞዘል ወንዝ ከታች ዞሮ ሲጠመዘዝ፣
እንደ ተጣለ ገመድ፣ እንደማይቸኩል ጓዝ፣
እኔ ከላይ ነበርኩ፣ በወይኑ ዳገት፣
ጉልበቴን ሳባብል፣ እንደ ልጅ፣ በተረት።

ዳገት አልኩት እንጂ፣ ግድግዳ ነው እሱ፤
ወይን የተከሉት በገመድ ነው መሰል እዚህ የደረሱ።
ድንጋዩ ጥቁር ነው፣ ስስ፣ እንደ ሰሌዳ፤
በረገጥኩት ቁጥር ይንኳኳል፣ ሳህን እንደ ሰበረ የሰው ቤት እንግዳ።

ከዚያ ዝናብ መጣ። መጀመሪያ ካፊያ፣
ቀጥሎ እንደ አበዳሪ፤ ፋታ የለ፣ ማረፊያ።

ያን ጊዜ አየኋት፤ የድንጋይ ጎጆ ናት፣
ሦስት ሰው ቢገባ አራተኛው በደጅ የሚቀርባት።
ድሮ ማማ ነበረች፤ ጠባቂ ያደረባት፣
ወይን ሲበስል ከወፍ ጋር በጩኸት የሚጣላባት።
አሁን የመንገደኛ ናት።

አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ስንጥቅ መስኮት፣
ግድግዳው ላይ በጠመኔ፦ አርባ ሁለት፣ አርባ ስምንት፤
የቅርጫት ቆጠራ ይሆናል፤ የየትኛው ዓመት ምርት?
ቆጣሪው ሄዷል፤ ቁጥሩ ግን አለ፣ ተረካቢ ሲጠብቅ፣ ሳይሞት።

ጥግ ላይ የእንጨት ሣጥን፤
ስድስት ጠርሙስ ተኝቷል፣ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ፤
ክዳኑ ይናገራል፣ «አንድ ብርጭቆ ሁለት ዩሮ» ብሎ፤
«ሳንቲሙን በቀዳዳው። ብርጭቆውን አጥበህ ስቀል። ኦቲልየ።»
ይኸው ነው። ዘበኛ የለ፣ ካሜራ የለ፤
እግዜርም ዝናቡን ይዞ ሥራ ላይ ስለዋለ
አላየኝም ብል ማን ይሞግተኛል?

ኪሴን ፈተሽኩ፤ ካርድ አለኝ፣ ቀዳዳው ካርድ አይውጥም።
የአምሳ ዩሮ ወረቀት አለኝ፣ ሣጥኑ መልስ አይሰጥም።
ጠጣሁ።
ምን ይዋሻል! ቀዝቃዛ፣ ኮምጠጥ ያለ፣ መጨረሻው ማር፤
ያ ጥቁር ድንጋይ ነበር ምላሴ ላይ የሚናገር።
አንዱ አልበቃኝም፤ ሁለት።
ደብተርም ነበር፣ እርሳሱ በክር የታሰረበት፤
«አራት ዩሮ ዕዳ። ይርዳው» ብዬ ጻፍኩበት።
ስሜን ነው የፈረምኩት፤
ሳነበው ግን ለነፍሴ የለመንኩ መሰለኝ።

መንደሩ ኬልንባኽ ይባላል።
ቅርንጫፍ ደጅ ላይ ከተሰቀለ ወይን ጠጅ አለ ማለት ነው፤
እኛም አገር ጠላ ቤት ጣሳ በእንጨት ሰቅሎ ነው ሰው የሚጠራው፤
ምልክት መቼም ዘመድ ነው።

ስደርስ መሰላል ላይ አገኘኋት፣ ሰባ የዘለለች ሴት፤
በአንድ እጇ ሽቦ ትፈታለች፣
በሌላው የደረቀ ቅጠል ታቅፋለች፣ እንደ ተኛ ሕፃን።
«ዘግተናል» አለች ሳትዞር። «በዓመት አራት ወር ነው
ሕጉ የፈቀደልን፤ እኩለ ቀን ላይ አለቀ። ነገ ለቀማ ነው።»
«ልጠጣ አልመጣሁም፤ ልከፍል ነው» አልኳት።
ወረደች፣ አንድ አንድ እርከን።
«ከላይኛው ጎጆ?» «አዎ።» «ስንት?» «ሁለት።»

ሳቀች። «ባሌ ኤገን ያን ሣጥን ሲሠራ ተጣልቼው ነበር፤
‹ሌባ ልትቀልብ ነው?› ብዬ። እሱ ሞተ፤
ሣጥኑ ግን ሌባ ሲጠብቅ ይኸው አሥራ አንድ ዓመቱ።»
«አልመጣም?»
«አንዴ መጣ። ጠርሙሱን ትቶ ደብተሩን ወሰደ።»

አምሳውን ዘረጋሁ። ራሷን ነቀነቀች፤
«ዝርዝር የለኝም፤ ደግሞም ዛሬ ሻጭ አይደለሁም» አለች።
«ከጎጆው ነው የተበደርከው፤ ለጎጆው ክፈል።»
«መቼ?»
«ቅርንጫፉ ሲሰቀል።»
ከዚያ አስታቀፈችኝ፣ መሰላሉን እስክታጥፍ።
ደረቅ ነው፤ ይከብዳል ግን።

ባቡር ጣቢያ ስደርስ ከእጅጌዬ አንድ ቅጠል ወደቀ።
ዳገቱ ጠቁሯል፤ ጎጆዋ አትታይም።
እዚያ ውስጥ፣ በጨለማ፣ ቁጥሮች ተቀምጠዋል፤
አርባ ሁለት። አርባ ስምንት።
አራት።
ይርዳው።