ሳሪ ያለበስኳቸው

የዕቁቤ ብር አልቆ፣ አምስት መቶ ቅጂ
ስድስተኛ ፎቅ ወጣ፣ በሊፍት አይደለም፣ በሰው ጫንቃ እንጂ።
(ኮዬ ፈጬ ሊፍት ማለት ጉድጓድ ነው፣ በር ያልገጠሙለት፣
የሰፈሩ ኳስ ሁሉ ገብቶ የቀረበት።)
ከአልጋዬ ሥር ደረደርኩት፣ የበኩር ልቦለዴን፣
ሠላሳ አንድ ነፍስ የታጨቀበትን የሚያስቀውን ጉዴን።

ቀን የሲሚንቶ መጋዘን ደረሰኝ እቆርጣለሁ፣
ማታ በዚያው ደረሰኝ ጀርባ ዘመዶቼን እሰልቃለሁ።
እንዳይቀየሙኝ ብዬ መላ ዘየድኩኝ፤
አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ፣ በስልኬ ብርሃን፣ ሁሉንም ህንድ አደረግኩኝ።

ሰበታ አሰፈርኳቸው፣ ከፋብሪካው አጥር ማዶ፤
አባወራውን ነጋዴ አልኩት፣ ጣቃ የሚሸጥ ቀዶ ቀዶ፣
ሲለካ ስንዝር የሚጨምር፣ ሒሳብ ላይ የሚስት፣
ፊቱን በጋዜጣ ሸፍኖ ባንኮኒው ላይ የሚተኛ፣ ደንበኛ ፊት።
አክስቴ ዘርፌን ፑሽፓ፣ አጎቴ ጥጋቡን ራምላል፤
ማን ይለየናል አልኩ፣ ማን ያውቀናል?

ስለ ህንድ የማውቀው፣ ቪዲዮ ቤት በሃምሳ ሳንቲም የገዛሁት እንባ፣
እና ሚስተር ኩሪያን፣ በዝናብም በፀሐይም በጃንጥላ ክፍል ሲገባ።
በቃኝ። የቤታችንን ሐሜት በካሪ ለወስኩት፤
የቦታ ክርክሩን ቦምቤይ ወሰድኩት።

እሑድ፣ ውሃ የሚመጣበት ቀን፣ በርሜል ስሞላ
ደረጃው ሲንጋጋ ሰማሁ፤ መጡ፣ ዘመዶቼ በጠቅላላ፤
ከገላን፣ ከለገጣፎ፣ ሁለቱ ከሱሉልታ፣
እያንዳንዱ መጽሐፌን በብብቱ ሸጉጦ፣ ያለ ሰላምታ።

«ፑሽፓ እኔ ነኝ!» አለች ዘርፌ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ።
«አራጣ አበዳሪ ማለትሽን ተይው፤ እውነት ነው፤ አልቀየምሽ፤
ግን ቢጫ ሳሪ? ቢጫ? እኔን በቢጫ መቼ አየሽ?»
ጥጋቡ ተነሣ፦ «ራምላል አራቴ ያነጥሳል፣ ገጽ ሃያ ሁለት ላይ፤
እኔ ካነጠስኩ አሥር ነው! ቤተ ዘመዱ ምስክር አይደለም ወይ?»
ወዲያው ጀመረው። ቆጠርን። አሥራ አንድ።
በሁለተኛው እትም አርማለሁ አልኩ፣ በግድ።
ደላላው መክብብ ደግሞ፦ «ሁለት ሚስት ሰጥተሽኝ፣
ይኸው እውነተኛዋ ሚስቴ ሁለተኛዋን አምጣ ብላ ያዘችኝ!»

ትርንጎ ብቻ ጥግ ይዛ ገጽ ገጹን ታገላብጣለች።
ሦስቴ ቆጠረች። «እኔ የለሁም» አለች።
«ለሁሉም ስድብ ሲደርሰው፣ ለኔ ሲሆን ምነው ጠፋ?»
መልስ ስፈልግ፣ የረሳሁት በርሜል ሞልቶ፣ ወለሉ ላይ ተስፋፋ።

ውሃው ወደ አልጋዬ ሥር፣ ወደ አምስት መቶው ቅጂ ሲነዳ
ሊከሱኝ የመጡት ሁሉ ተንበረከኩ፣ ልክ እንደ ባለዕዳ፤
እጅ ለእጅ ተቀባበሉት፣ ከመኝታ ቤት እስከ በረንዳ፣
ጥጋቡ እያነጠሰ፣ ዘርፌ ቀሚሷን ሰብስባ፣
መክብብ «ይሄ ደረቅ፣ ይሄ ርጥብ» እያለ፣ ደላላ ነውና፣ ዋጋ ሲያወጣ ሲያስገባ።

አሥራ ሁለት ቅጂ ራሰ፤ ቀሪው ተረፈ፣ እግዜር ይመስገነው።
ትርንጎ አንዱ ርጥብ ገጽ ላይ ስሟን ስትጽፍ አየኋት።
ዝም አልኩ። ምን አገባኝ፤ የሷም ቤት ነው።

ሁሉም ሲሄድ እናቴ ቀረች። ማንበብ አትችልም፤
የጎረቤት ልጅ ነው፣ በማስቲካ እየተደለለ፣ ያነበበላት።
«ያ ጣቃ ሻጩ» አለችኝ፣ «መጨረሻ ላይ አይሞትም?»
«አይሞትም፣ እማዬ።»
የአባቴን ስም ሁለታችንም አላነሳንም።

ከራሱት አንዱን ገመዱ ላይ፣ ከአንሶላው ጎን፣ በመቆንጠጫ ሰቀለች፤
ቆየች፤ ውሃው ሲንጠባጠብ አየች፤
«እንግዲያው ዳግም ሲታተም ኮት ደርቢለት» አለች።
«ሰበታ ይበርዳል።»