በረዶው የታለ?

ከአኮ ገበያ ጀርባ፣ ዓሣ ሻጮቹን አልፎ፣
ነበር የሞሪስ ሱቅ፣ ካሴት እስከ ጣሪያ አቅፎ።
በሦስት ሸቀል ኪራይ፣ ለአንድ ሌሊት ብቻ፣
አንድ ፊልም ሰጠን፤ ሦስት ታሪክ በአንድ ስልቻ።
ሽፋኑን ፀሐይ በልቶት፣ የጭራቁ ፊት ነጥቶ፣
የተዋንያኑ ስም ጠፍቶ፤
ሞሪስ ግን "ውሰዱት" አለ፣
"አማቴ አይታው፣ ሳምንት መብራት ሳታጠፋ ተኛች።"

ሐጽሮት ያሳፍ፣ ካራቫን መቶ አርባ ሁለት፣
ዝናብ ሲመታው ጣሪያው የሚያወራበት፣
አሥራ አንድ ሰው በሁለት ፍራሽ ተደራርበን፣
አጎቴ ስንሻው ከበላይ፣ በወንበር እንደ ዳኛ፤
ከእግሩ ሥር የዘጠኝ ዓመት አስተርጓሚ፣
ፊደላቸውን የለየሁ፣ ከቤቱ እኔ ብቻ ነኛ።

ካሴቱ ግን አርጅቷል።
ከምስሉ ግርጌ ነጭ መስመር፣ እንደ ወባ ይንዘፈዘፋል፣
የዕብራይስጡን ጽሑፍ ግማሽ፣ እየቀማኝ ያልፋል።
"ምን አለ?" ይለኛል አጎቴ፤ "ምን አለች?" ይላል ደግሞ፤
ዝም ማለት አይቻልም፣ ያ ሁሉ ጆሮ ቆሞ።
ያነበብሁትን ተረጎምሁ፤
ያላነበብሁትን ወለድሁ።

ፊተኛው፣ በየሌሊቱ አንድ ደረጃ የሚጨምር ቤት።
"ባለቤቱ ብድር አለበት" አልሁ፣ "ደረጃው ወለዱ ነው።"
ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ይሄ የሚገባ ነገር ነው።
ሁለተኛው፣ የሙታን ፀጉር የሚሸምት ዊግ ሰሪ።
"ይሄስ?" "ይሄ ሐኪም ነው።"
እናቴ ሻሿን አጠበቀች፤
እስከ ፋሲካ ለነርሷ ራሷን አላሳየችም።

ሦስተኛው ላይ ካሴቱ ጭራሽ ታመመ።
ባሕር ዳር ቤት፣ አንዲት ሴት፣ በሯ ይንኳኳል፤
ከላይ እስከ ታች ነጭ ነጥብ ይወርድ ይወርድ ጀመር።
"ምንድን ነው እሱ?"
"በረዶ ነው" አልሁ። "አገሩ በረዶ ይጥላል።"
"ያንኳኳውስ?"
ጽሑፉ የለም። በነጩ መሐል ጥቁር ነገር፣
የሰው ቁመት ያለው።
ጀርባዬን የነካኝ የአጎቴ ጉልበት ጸጥ አለ።
በሱዳን በኩል ቀድሞት የወጣ ልጅ ነበረው፤
እኛ ከአውሮፕላን ስንወርድ፣ ሊቀበለን ያልመጣ።
"ልጇ ነው" አልሁ። "መንገድ ላይ ቆይቶ ነው። በርዶት ነው።"
"ታዲያ ምን ያስጮኻታል?"
"ደስታ።"

ሠላሳ ዓመት አለፈ።
የሞሪስ ሱቅ ስልክ መጠገኛ ሆኗል፤
አጎቴም ናሃሪያ ሆስፒታል፣ የዓይኑን ሞራ ተገፏል።
በዚያው ክረምት ዲስኩን ገዛሁ፣ ታጥቦ የወጣውን፤
"ጭረቱ ሁሉ ተፍቋል" ይላል ሽፋኑ።
ፊልሙም ዓይኑም በአንድ ወር ጠሩ።

ኪርያት ያም፣ ሦስተኛ ፎቅ።
አቤት ጥራት! የደረጃው እንጨት ጉጥ ሳይቀር ይቆጠራል፤
የዊግ ሰሪው ጭንብል ስፌት፣ ካንገቱ ሥር ይታያል።
ያ የተንቀጠቀጥንለት ጨለማ
ተኩስ ያልነካው ጥቁር መጋረጃ ነበር።
አጎቴ ሳቀ። "ሙታኑ ሰዓት አስረዋል" አለኝ።

ሦስተኛው መጣ።
ሌሊቱ ደረቅ ነው። ሰማዩ ባዶ።
ጽሑፉ ሙሉ፣ ቢጫ፣ ከቦታው የማይነቃነቅ።
ሴትዮዋ በሩን ከፈተች፤ ደጁ ላይ የባሕር ድምፅ ብቻ።
"ማንም የለም" ይላል ጽሑፉ።
ለካ ለዚህ ነው የጮኸችው።

አጎቴ ከወንበሩ ተነሣ፣
በአዲሱ ዓይኑ እስከ መስታወቱ ድረስ ቀረበ፣
ሰማይ በነበረበት በኩል በጣቱ ዳሰሰ።
"በረዶው የታለ?"
ዝም አልሁ።
"ልጁስ?"
እሱም እስካሁን ዕብራይስጥ ለምዷል፣
ለመድኃኒትና ለአውቶቡስ የሚበቃ፤
እነዚያን ሁለት ቃላት ማንበብ አያቅተውም።

"አታለውሻል" አለኝ።
"ሲፍቁ ሲፍቁ ልጁን አብረው ፍቀውታል።
መልሺላቸው። ደረሰኝ አለሽ?"

አለኝ አልሁት፤
ልፈልግ ተነሣሁ።