መያዣ

ከኮምቦልቻ ተነሥተን ሐረጎን ስንወጣ፣
ረዳቱ «ዕቃው ይከፈልበታል» እያለ መጣ።
«ዕቃ አይደለም» አልኩት፤ «ታዲያ ምንድን ነው?» አለኝ፤
መልስ አጣሁ። አሥራ አምስት ብር ከፈልኩ፣ ደረሰኝ የለኝ።

ዘምዘም ካጠገቤ ናት፤ ጭኔ ላይ ያለውን ካርቶን ታየዋለች፣
በየኩርባው እጇን ሰንዝራ ትደግፈዋለች።
ሦስት ዓመት ቤተ ሙከራ፣ አራት ገጽ መጽሔት ላይ፣
አንድ ጭብጨባ፣ ከዚያ መሳቢያ፤ ማንም ዞሮ ሳያይ።

የእኔ ሥራ ምንድን ነው? በሬ ላይ ተጽፏል፤
«የቴክኖሎጂ ሽግግር» ይላል፣ ግማሹ ፊደል ረግፏል።
ተሻጋሪው ሞልቷል፤ ድልድዩ ነው ያልተሠራ፤
እኔም ወንበርና ማኅተም ይዤ እጠብቃለሁ ተራ።

ባንኩ ፒያሳ ነው። ሰውዬው ጨዋ ነበር፤
ዘምዘም ስታስረዳ ሰማ፣ አንድም ቃል ሳያስቀር፦
እህሉ ሲጨመር በሁለት ሳህን ብረት
መሀል፣ ቁጥር ሆኖ ይወጣል፣ የደበቀው እርጥበት።
«ግሩም ነው» አለ፤ መነጽሩን አወለቀ፤
«መያዣ ምን አላችሁ?» ብሎ ጠየቀ።
«ቤት? መኪና? ማሽን?» «ማሽኑ ይኸው» አለች፤
እሱ ፈገግ አለ። እሷ ካርቶኑን አቀፈች።

ሰኞ ገበያ ወረድን፤ ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ
ጆንያውን ሁሉ አልብሶት፣ ፊት ለፊቱን ጋርዶ።
ሐጂ ሙሄ ማሽላው ላይ ነው፤ የአርባ ዓመት ነጋዴ፣
አንዲት ፍሬ ያነሣል፣ በጥርሱ ቀጭ! አንዴ።
ሐጂን «አንተ» እንለዋለን፣ እኛ ዘንድ አንቱታ ያርቃል፤
ሻጩ ትንፋሹን ይዞ የጥርሱን ፍርድ ይጠብቃል።
«ይህ ደርቋል»፣ «ያ ይነቅዛል»፤
በዚያች ቀጭታ ብቻ መቶ ኩንታል ይገዛል።

ዘምዘም ፍሬ ጨመረች። ቁጥሩ ወጣ፦ አሥራ ሁለት።
«ደረቅ ነው» አለች፣ በሙሉ ልብ፣ በኩራት።
ሐጂ ከዚያው ጆንያ አንድ ፍሬ ነከሰ፤
ድምፅ የለም። ፍሬው እንደ ሊጥ በጥርሱ ሥር ፈረሰ።
«ልጄ» አላት፣ «ይህ ዕቃሽ የኮምቦልቻ ልጅ ነው መሰል፣
በርዶታል፤ ጋቢ ደርቢለት፣ ሲሞቀው ይናገር ቃል።»

ወዛደሩ ሁሉ ሳቀ። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤
ዘምዘም ግን ደብተር አወጣች፤ ማፈሯን ስጠብቅ አጣሁ።
«ሐጂ፣ ጭጋጉ በስንት ሰዓት ይገፈፋል?» አለች፤
መልሱን ጻፈች። የተነከሰችውን ፍሬ ለምና ወሰደች።

ሦስት ወር።
በጀት ተዘግቷል፣ ሐምሌ ላይ ይከፈታል፤
ቀዝቃዛ ክፍል የለንም፤ የክበቡ ፍሪጅ ግን ይበርዳል።
ከለስላሳው ጠርሙስ ጎን፣ መሣሪያውና ማሽላው
ሌሊት ሌሊት አብረው አደሩ፤ አስተናጋጁ እስኪመረው።

ተመለስን። ያው ጭጋግ፣ ያው ጆንያ፤
ብርዱ ላይ ተቀመጠ የጭኔ መሣሪያ።
ቁጥሩ ወጣ፦ አሥራ ሰባት። ሐጂ አየው፣ ነከሰ፣
ራሱን ነቀነቀ፤ መንጋጋውን ዳሰሰ።
«የቀሩኝ አራት ናቸው» አለ ወደ ጆሮዋ ቀርቦ፣
«ሻጭ ይህን ከሰማ ውሃ አርከፍክፎ ይመጣል ከብቦ።
ስንት ነው?»
ዘምዘም ወደ እኔ፣ እኔ ወደ ካርቶኑ አየሁ፤
ሃያ ገጽ የንግድ ዕቅድ ጽፌ፣ ዋጋ መጻፍ ረስቻለሁ።

«የአምስቱን ቀብድ እንኩ፤ ለባቲው ሱቅ፣ ለሐይቅ፤
አብሽሪ፣ ቢበላሽም እዚሁ ነኝ፣ አልርቅ።»
«መያዣ የለንም» አልኩት፣ ከባንክ የለመድኩትን ቃል፤
«መያዣ የሰጠሁ እኔ ነኝ» አለ። ሲስቅ አራቱም ይቆጠራል።

ማታ ሐረጎን ስንወርድ ረዳቱ ያው ልጅ ነበር፤
«ዕቃው ይከፈልበታል» አለ። ከፈልኩ፣ ሳልከራከር።

ቢሮ ገባሁ፤ ብሩ በጥቁር ፌስታል እንደታሰረ፣
የገቢ ቅጹን አወጣሁ፤ እስከ ዛሬ ባዶ ነበረ።
«የገቢው ምንጭ» ይላል፤ መንግሥት፣ ብድር፣ እርዳታ…
ለሐጂ ሙሄ ጥርስ የሚሆን የለም አንድም ቦታ።
ፌስታሉን መሳቢያ ከተትኩ፤
ቁልፉን ሁለቴ አዞርኩ። ከዚያ ዋጋውን መጻፍ ጀመርኩ።