የሚስማር ቀዳዳ

አቃቂ፣ ከጨርቃ ጨርቁ አጥር ጀርባ፣ ከሐዲዱ ማዶ፣
የጋሽ ደምመላሽ ቪዲዮ ቤት ነበር፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተጋርዶ።
መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም፣
ለወንድ ነው ታዲያ፤
ሴት ብትገባ፣ ስሟ ቀድሟት ይደርሳል ገበያ።

እኔ በጓሮ ነበርኩ።
ሚስማር የወለቀባት ቀዳዳ ነበረች፣ ለአንድ ዓይን የምትበቃ፤
ጉንጬን ዝገት ትቀባኛለች፣ ጫማዬን ይውጠዋል ጭቃ።

ካሴቱን ያመጣው ጉርሜሳ ነው፣ የቦቴ ሹፌር፣ ከአሰብ፣
በወንበሩ ሥር ሸሽጎ፣ በየኬላው እየፈጠረ ሰበብ።
«ዓለም ያበደበት ዘፈን ነው» አለ፤
የትኛው ዓለም ብሎ የጠየቀ የለ።

ከፊልሙ በፊት አንዴ፣ ከፊልሙ በኋላ አንዴ፤ ሦስት ደቂቃ ተኩል።
ጊታሩ እናቴ የምትሠራበትን የሽመና መኪና ይመስል፣
ክር እንደበጠሰ ሁሉ ያጓራል፣ ይንጫጫል፣ ቆም ይልና ደግሞ ይቀጥል።
አዝማቹን እኛ «ይለፍ፣ በለው በለው» ብለን ነበር የሰማነው፤
እንግሊዝኛው ምን እንደሚል ሊያውቅ የፈለገ ማነው?

እኔ ግን የማየው ግማሹን ነበር፤
ቀኙን ምሰሶው ጋርዶት፣ የደምመላሽ ትከሻ ሲጨመር።
ለኔ የደረሰኝ ከበሮ መቺው ነው፣ ፀጉሩ እንደ በግ ቆዳ፣
አልፎ አልፎም ብቅ የሚል የዘፋኙ እጅ፣ ደጅ እንደሚያንኳኳ እንግዳ።

ወንድሜ ዘርጋው ውስጥ ነው፣ ከፊተኛው አግዳሚ ወንበር።
ሰዓት እላፊ ሳይደርስብን ስንሮጥ፣ በፋብሪካው አጥር፣
«ቀኙን ንገረኝ» እለዋለሁ።
«ቀኙማ ጉድ ነው» ይላል፤
«ነጭ ፈረስ ደረጃ ይወጣል፣ ከኋላው ቤቱ ይነዳል፣
ሴትዮዋ መስኮቱ ላይ ቆማ፣ ፀጉሯን እሳቱ ይነካል፤
ፈረሱ ግን አይደነግጥም።»
በማግሥቱ ፈረሱ ሁለት ይሆናል፤ በሠልስቱ ባቡር ይጨመራል፤
«ትናንት ጭንቅላት ጋርዶኝ ነው» ይላል። የፊት ወንበር ላይ ማን ይጋርደዋል?

በሰባ ስምንት፣ ጥቅምት ላይ፣ ቀበሌው ስሙን ለጠፈ፤
ፀጉሩን ተላጭቶ፣ በጭነት መኪና፣ በደጃችን አለፈ።
የጮኸልኝን ግማሹን ሞተሩ በላው፤
ግማሹ ደረሰኝ፤ «ፈረሱ…» ይላል። ቀሪውን ማን ይስማው?

ደብዳቤ ሁለት ጊዜ መጣ።
ከዚያ አንድ ጊዜ፣ በሌላ ሰው እጅ ጽሕፈት።

ካሴቱ ላይ ደምመላሽ የእህቱን ሰርግ ቀዳበት፤
ሙሽራዋ ኬክ ስትቆርስ፣ ከሥሯ ጊታሩ ያጓራል አሉ፣ ትንሽ ቀርቶበት።

ዘንድሮ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ውሃ በጠፋበት ቅዳሜ፣
ፌቨን በስልኳ አገኘችው። «ይኼ ነው፣ እማ?»
«ይኼው ነው» አልኩ፣ ባልዲዬን ይዤ ቆሜ።

ሙሉ ነው። ግራም ቀኝም።
አንድ ነጭ ባዶ ግድግዳ፣
አንድ ቀጭን ልጅ፣ ዓይኑን የተኳለ፣ ሸሚዙ ጽጌረዳ፣
ቬንትሌተር ፀጉሩን ያበጥረዋል።
ሌላ ምን አለ?
ደረጃ የለ። መስኮት የለ። የሚነድ ነገር የለ።
ከበሮ መቺው ብቻ፣ ያው እሱ፣ ሳያረጅ፣ ግራው ላይ አለ።

«በቃ፣ አለቀ» ብላ ልትዘጋው ስትል፣ እጇን ያዝኳት በኃይል።
«ቆይ» አልኳት፣ «ፈረሱ ገና ይመጣል።»