ጥሩምባ በእሪ በከንቱ

የዕድራችን ጥሩምባ ቁጥብ ነበር ድሮ፤
አንዴ «ኡ» ካለ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጆሮ።
ጋሽ ወልደየስ ነፊው፣ ጋቢውን ወደ ኋላ ጥሎ
ከድልድዩ ራስ ሲጀምር፣ ያዳምጠዋል ውሻ እንኳ ዝም ብሎ።
የሟቹን ስም ከነአባቱ፣ የቀብሩን ሰዓት ከነደብሩ
ተናግሮ ያልፍ ነበር፤ ሌላ አይጨምርም፣ ይኸው ነበር ግብሩ።

እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ መዝገቡ በእጄ፣ ቁልፉ ባንገቴ፣
ጥሩምባው ማታ የሚያድረው ከአልጋዬ ግርጌ፣ በቤቴ።
ስለዚህ ጥፋቱ ሲቆጠር፣ ግማሹ ይድረሰኝ፤
የመጀመሪያውን «እሺ» ያልኩት እኔ ነኝ።

ውሃ ነበር መነሻው።
ሦስት ሳምንት ጠፍቶ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ቧንቧው ሲያስነጥስ
ሙሉሸዋ በሬን ደበደበች፦ «ኧረ ጋሽ ወልደየስ
አንዴ ይንፋልን፣ ሰው ተኝቶ ሳያመልጠው!»
እውነቷን ነው አልኩ፤ ውሃ አገኘሁ ብሎ ማን አለ የሚቆጣው?

በሦስተኛው ቀን የደጀኔ ዶሮ ጠፋ።
ጥሩምባ ተነፋ።
ሽኩር ሱቅ ዘይት ገባ፤ ተነፋ።
ዘይቱ አለቀ፤ ተነፋ።
መብራት ሊጠፋ ነው ተባለ፤ ተነፋ፤ ሳይጠፋ ቀረ፤
ለምን እንዳልጠፋ ሊያስረዳ ሌላው ጥሩምባውን ተበደረ።
ባሻ ድንበሩ ከጎረቤታቸው በአንድ ክንድ አጥር ተጣልተው
ክሳቸውን በጥሩምባ አሰሙ፤ ያም መልሱን በጥሩምባ ሰደደው፤
ለመልሱ መልስ፣ ለመልሱ መልስ ደግሞ ሌላ መልስ፣
እስከ ምሳ ሰዓት ሰፈሩ ሲታመስ።
«እባካችሁ ጥሩምባ አታብዙ» የሚል አዋቂ ተነሳ፤
እሱም ይህን የተናገረው በጥሩምባ ነው፣ እንዳይረሳ።

ሰፈራችን እሪ በከንቱ ነው ስሙ፤
ማን አወጣው ብንል፣ አዛውንቶቹ አልተስማሙ፤
ጆሮዬን በጥጥ ወትፌ፣ በዚያ ክረምት ገባኝ ትርጉሙ።

የጋሽ ወልደየስ ከንፈር አበጠ፤ ቅባት ገዛንለት ከዕድሩ ሒሳብ።
(ወጪ፦ ቫዝሊን፣ አንድ። እኔው ነኝ የጻፍኩት፣ ያለ ሐሳብ።)

ነሐሴ አሥራ ሁለት፣ ሊነጋጋ ሲል፣ እትዬ ውባየሁ አረፉ፤
የመዝገብ ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሰባት፤ የአንድ ወር ክፍያ ሳያሳልፉ፣
ብሩን በመሐረብ ቋጥረው የሚመጡ፣
ለሰው ለቅሶ፣ እግራቸው እያበጠም፣ ቀድመው የሚወጡ።

ጋሽ ወልደየስ ነፋ። በዚያ በቆሰለ ከንፈር ነፋ።
ስማቸውን ጠራ፤ ግን ጥሩምባውን እንጂ ስሙን የሚሰማ ጠፋ።
ግማሹ «ደግሞ ምን ጠፋ?» ብሎ ተገላብጦ ተኛ፤
ግማሹ ሮጦ ወጣ፣ እኔ ልቅደም እኔ ልቅደም፣ እንደ ገበያተኛ።

ቦኖው ያለው እሳቸው ደጅ ነው።
እኔ ስደርስ፣ በጭቃው መካከል
አሥራ አንድ ቢጫ ጀሪካን ቆሟል፣ ተራ ይዞ፣ እኩል ለእኩል።
ከውስጥ የልጃቸው የአመተማርያም ዋይታ ሲወጣ፣ ሁሉም ዝም አለ።
የሙሉሸዋ ጀሪካን ከእጇ ወደቀ፤ ባዶ ነበርና፣ እየተንከባለለ
ድም፣ ድም፣ ድም ብሎ ወደ ወንዙ ወረደ።
ማንም አልተከተለው፤ የሁሉም ዓይን ወደ በሩ ሄደ።

ከሠልስት በኋላ ጉባኤ ጠራሁ፣ ቤት ለቤት፣ በወረቀት፦
ጥሩምባ ለሞት ብቻ። የጠፋ ዶሮ፣ ዘይት፣ መብራት
በዕድሩ ቤት ግድግዳ ላይ፣ በእርሳስ፣ ከሦስት መስመር ያልበለጠ፤
የአጥር ጠብ ለሽማግሌ፤ ክስ በጥሩምባ፣ ከእንግዲህ ተቆረጠ።
ሕጉን ለማጽደቅ አራት ሰዓት ተከራከርን፤
ባሻ ድንበሩ ስለ አጭር ንግግር ብቻ አንድ ሰዓት አስተማሩን።

ጋሽ ወልደየስ ከጥግ፣ ከንፈሩ በፋሻ፣ እጁን አወጣ፤
«ሕጉ ጥሩ» አለ። «ግን... ውሃ ሲመጣ?»
መልስ ጠፋ፤ እኔም ጥያቄውን ሳልጽፈው ቀረሁ።

ትናንት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ቧንቧው ሲያስነጥስ ነቃሁ።
ጥሩምባው ከግርጌዬ ነበር፣ ነሐሱ በጨለማ አብርቶ፤
እጄ ወደሱ ሄደ፤ ተመለሰ፣ አፍሮ ይሁን ፈርቶ።
ፌስታል ራሴ ላይ ደፍቼ ወጣሁ፤ ያካፋል።
የሙሉሸዋን በር በጣቴ አንጓ መታሁ፤ ቀስ ብዬ፦ «ውሃ መጥቷል።»
ቀጥዬ የሽኩርን። ቀጥዬ የባሻን። ቀጥዬ የደጀኔን።
ሠላሳ አራት በር። አንዱ ሰደበኝ፤ አንዱ፣ ሳይናገር፣ ያዘ እጄን።
ከሁለት መቶ አሥራ ሰባት ደጅ ስደርስ፣ ልማድ ሆኖብኝ
አንኳኳሁ፤ ወዲያው ደነገጥኩ።
አመተማርያም ከውስጥ፣ በሹክሹክታ፣ «ሰምቻለሁ» አለችኝ።