ጭድ

እኔ ጣሂር ነኝ፤ ጭቃ የማቦካ፣
ግድግዳ የምመርግ፣ በክንዴ የምለካ።
ሥዕል አላውቅም። ቀለም አላውቅም።
ያየሁትን ግን ቶሎ አልረሳም።

ሐራ ገበያ ነው፤ ከባቡሩ ካምፕ ማዶ።
መሪጌታ ዳኘው፣ አቡጀዲ ተወዶ፣
"በል እንግዲህ ጣሂር፣ ጭቃው ላይ ነው" አለኝና
ከያሲን ማሳ የጤፍ ጭድ አመጣሁና፣
ሦስት ሳምንት ረገጥኩት፣ እስኪሸት፣ እስኪላላ፣
እንደ ሊጥ እስኪሳብ፣ እግሬን እስኪበላ።

እሑድ ከሰዓት ላይ ቻይናው ዳገቱን ወጣ፤
ጎንግ፣ መሬት ለኪው፣ ከማልን አስከትሎ መጣ።
(ከማል ድንጋይ ሲጭን ቋንቋቸውን የለቀመ፣
ግማሹን የሚያውቅ፣ ግማሹን ያለመ።)

ስልኩን አወጣና ያገሩን መቅደስ ገለጠ።
ከዳር ዳር ሰው ነው፤ የቆመ፣ ያልተቀመጠ፣
ሦስት መቶ የሚጠጋ፣ በሰልፍ፣ በማዕረግ፣
ወደ ላይኛው ጌታ የሚሄድ ለወግ፤
መቀነታቸው በሌለ ነፋስ የሚርገበገብ፣
ጢማቸው አንድ በአንድ የተሣለ፣ እስከ ቅንድብ።

"ሃይማኖታቸው ምንድን ነው?" መሪጌታ ጠየቀ።
ከማል ጠየቀለት። አዳመጠ። ተጨነቀ።
"መንገድ ነው ይላል።" "ስለ ሐዲዱ ነው?" "አይደለም፤
መንገድ ራሱን ነው። ከዚህ በላይ ቃል የለኝም።"

መሪጌታ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ፤ ደነገጠ።
ሁሉም ፊቱን አዙሯል። በእኛ ዘንድ ወደ ጎን
የሚሣል ይሁዳ ነው፣ ሰይጣን ነው፣ ባለ አንድ ዓይን።
ጣቱን ከፊት ወደ ፊት እያስኬደ ቆጠረ፦
"ሁለት። ሁለት። ይኼም ሁለት።"
ተነፈሰ።
"ሁለት ዓይን ካላቸው ክፉ አይደሉም።"

ከዚያ አንድ መስመር ላይ ቀረ፤ ከትከሻ ተነሥቶ
እግር ጣት የደረሰ፣ የትም ሳይቆረጥ።
"ይኼን ሲሥል ተንፍሷል?" ብሎ ጠየቀ። ማን ያውቃል?
ጎንግ ሳቀ። መሪጌታ ግን ትንፋሹን ይዞ ቆሟል።

ጎንግ ምስሉን ገፋ። ወደ ጥጉ ወረደ።
ቀለሙ የረገፈ፣ ቆዳው የተቀደደ
አንድ ስፍራ፣ መዳፍ የምታህል።
እዚያ ነው ያየሁት።
ጭድ።

ጮህኩ መሰለኝ። በጭቃ ጣቴ ስልኩን ነካሁ፣
"አስፋው! አስፋው!" አልኩ፤ ጎንግ ሲቆጣ አልሰማሁ።
ሰባት መቶ ዓመት ነው አሉኝ። ጭዱ ግን ጭድ ነው፤
ሳይረዝም ሳያጥር፣ ልክ እኔ እንደምከትፈው።
በየትኛው ወንዝ ውሃ፣ በማን እግር ተረገጠ?
"ሠዓሊዎቹ ስማቸውን ጽፈዋል" አለ ከማል።
"የመራጊውስ?"
ይኼን አልተረጎመም።

ኋላ፣ ግድብ ሲሠሩ፣ ውሃው እንዳይውጠው፣
ያን ሁሉ ግድግዳ በመጋዝ ቆራርጠው፣
በጥጥ ጠቅልለው፣ ሌላ አገር ወስደው ተከሉት።
"ጭቃው አልፈረሰም?"
"አልፈረሰም።"
ያን ማታ ራቴን ስበላ ብቻዬን ሳቅሁ፣
የእጄ ሥራ ይመስል።

ጎንግ ሄደ። ካምፑ ተዘረፈ። ሐዲዱን ሣር ዋጠው።
ጦርነቱ በዚህ ሲያልፍ ደብሩንም አገኘው፤
አንዲት ጥይት ከመልአኩ ክንፍ ሥር ገብታ ቀረች።
መሪጌታ ጠራኝ፦ "አንተ ድፈናት፣ ለቀለሙ እኔ አለሁ።"

መሰላል ወጣሁ። ቀዳዳዋን በጣቴ ዳበስኩ፣
አንድ ጭድ መዘዝኩ።
አሁንም ቢጫ ነው።
ያን ዓመት የያሲንን ጤፍ በረዶ መቶበት
ጭዱን በነጻ ነበር የሰጠኝ።

መልሼ አስገባሁት።
ከዚያ ጭቃ አነሣሁ።