ባለቤቱ ያልታወቀ

ማክሰኞ ሌሊት መብረቅ፣ በሽቦ ሾልኮ ገብቶ፣
የውሃ ቢሮውን ኮምፒውተር፣ ሄደ ሆድ ዕቃውን በልቶ።
ጠዋት መጣሁ እኔ ኖዳር፣ አዲሱን ቦርድ በካርቶን ይዤ፣
በዝናብ በራሰ ጫማ፣ ከሪዮኒ ማዶ ተጉዤ።
ብሎኑን ፈታሁ፣ አሰርኩ፤ ማራገቢያው እፎይ አለ፤
የሰነዱ ዲስክ ደኅና ነው፣ አንዲት ፊደል ያልጎደለ።

ማቅቫላ መነጽሯን ጠርጋ፣ ስሟን ጻፈች በሁለት ጣት፤
የይለፍ ቃሏን ስትሞላ፣ ፊቴን ወደ መስኮት መለስኩላት።
ማሽኑ ስሟን ተቀበለ፣ «እንኳን ደኅና መጣሽ» ብሎ፤
የራሷን ማህደር ስትነካ፣ «አይፈቀድም» አለ ቶሎ።

የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወንዝ፣ ሪዮኒ በየማለዳው፣
እሷ በሜትር ሰፍራ፣ በሰንጠረዥ የቀዳችው፣
እዚያው አለ፤ ይታየናል። መክፈት ብቻ ነው የቀረው።

«ስሜን ተሳስቼ ይሆን?» ደጋግማ ጻፈች፣ ደጋግማ፤
ፊደል አንድ አልተዛነፈ፤ ማሽኑ ግን እንዳልሰማ።
«ሠላሳ ዓመት ስመላለስ፣ ዘበኛው እንኳ መታወቂያ
ጠይቆኝ አያውቅ» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ የንዴት መሸሸጊያ።

«ባለቤት» የሚለውን ገለጥኩ።
ስም የለም። ቁጥር ብቻ፦
ኤስ፣ አንድ፣ አምስት፣ ሃያ አንድ፣
ከዚያ እንደ ባቡር ፉርጎ የተቀጣጠለ፣
ጭራው ከስክሪኑ ጠርዝ የወደቀ።
ከጎኑ፦ «ያልታወቀ»።

ገባኝ፤ ማሽን ስም አያውቅም፣ ስም ለሰው ነው መጠሪያው፤
ለሱ ግን ከስሙ በታች፣ ቁጥር ነው የሰው መለያው።
ሲስተሙን እንደ አዲስ ስጭን፣ እኔው ጠረግሁት ያን ቁጥር፤
የዛሬዋ ማቅቫላ፣ ሞክሼ ናት፣ ሌላ ፍጡር።

መላው አንድ ነው፤ አልወደውም።
በአስተዳዳሪ ሥልጣን ባለቤትነቱን ለራሴ መውሰድ፣
ከዚያ ለሷ መስጠት።
ተጫንኩ። አረንጓዴዋ መስመር ተሳበች፣
ፋይል በፋይል፣ ጎርፍ በጎርፍ፣
ለአራት ደቂቃ
አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ የኔ ሆነ፤
ወንዙን አንድ ቀን ለክቼ የማላውቅ፣
ድልድዩን ስሻገር ስልኬ ላይ የማቀረቅር የኔ።
ከኋላዬ ቆማለች፣ ቦርሳዋን በደረቷ አቅፋ፣
በገዛ ቢሮዋ ባለጉዳይ።

ስሟን ልመልስ ስል መስኮት ብቅ አለ።
«ምን ይላል?»
«እርግጠኛ ነህ ወይ ይላል።»
«ምን አገባው! አዎን በለው።»

ተከፈተ።
አላመሰገነችኝም። ወንበሯን ሳበች፣
እስከ ታች ወረደች፣ እስከ ማክሰኞ፤
የረቡዕ ሳጥን ባዶ ነው።
ሰዓቷን አየች። ዣንጥላዋን አንስታ
«ሳይጨምር ልለካው» ብላ ወጣች።

ብቻዬን ቀረሁ ከማራገቢያው ጋር።
አምስት ደቂቃ አለፈ፤ ስክሪኑ ጨለመ፣
የይለፍ ቃል ጠየቀኝ።
አላውቀውም።
ወደ መስኮቱ ዞሬ ነበር።